አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚዘምረው ምሰሶ

በጃፓን ትናንሽ ከተሞችና የዓሣ አስጋሪ መንደሮች ውስጥ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በወደብ ዳር ወይም በኮረብታ ወገብ ላይ ረጅም የብረት ምሰሶ ቆሞ ይታያል። አናቱ ላይ አፋቸውን ወደተለያየ አቅጣጫ ያዞሩ ድምፅ ማጉያዎች ተሰቅለዋል፤ ዝቅ ብሎ የሬዲዮ መቀበያና ባትሪ የያዘ ሣጥን ተገጥሞለታል። አገሬው "ቦሳይ ሙሴን" ይለዋል፤ የአደጋ መከላከያ ሬዲዮ እንደማለት ነው። ባለቤቱ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ማይክሮፎኑም የሚገኘው እዚያው ነው። በብዙ ቦታ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ምሰሶዎቹ የታወቀ የልጆች መዝሙር ዜማ ያሰማሉ፤ በብርዱ ወራት ቶሎ ስለሚመሽ ሰዓቱን ቀደም የሚያደርጉ ከተሞች አሉ። ዜማው ውጭ ለሚጫወቱ ልጆች ወደ ቤት የመግቢያ ምልክት ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ደግሞ የመሣሪያው የዕለት ፍተሻ ነው፤ አንዱ ምሰሶ ዝም ያለ ቀን የሰፈሩ ሰው ያስተውላል።

በአዘቦት ቀን የሚነገረው ነገር ተራ ነው። እርጅና አእምሯቸውን ያደከመው አንዲት እናት ከቤት ወጥተው አልተመለሱም፤ ዕድሜያቸው ይህን ያህል፣ የለበሱት ሹራብ ቀለሙ እንዲህ ነው፣ ያያችሁ ለፖሊስ አሳውቁ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ መስሎ እየደወለ ከአረጋውያን ገንዘብ የሚወስድ አጭበርባሪ በአካባቢው አለ፤ ተጠንቀቁ። ከጫካው ድብ ወርዷል። ነገ ሙቀቱ ይበረታልና ውኃ ጠጡ። የእኛ ሰፈር ሰው የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ ጆሮውን እንደሚያቆም ሁሉ፣ እዚያም ሰው የመክፈቻዋን ደወል ሲሰማ የያዘውን ያቆማል። ይህን ጥቃቅን ወሬ የሕዝብ ገንዘብ ብክነት አድርገው የሚቆጥሩ አሉ፤ ለአደጋ የተተከለ መሣሪያ ለአደጋ ብቻ ይዋል ይላሉ። እኔ ግን የመሣሪያው ጉልበት ያለው በዚሁ ጥቃቅን ወሬ ውስጥ ነው እላለሁ። በክፉ ቀን "ውጡ" ብሎ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት የሚችለው፣ በደህናው ቀን ስለ ሰፈሩ ሲናገር የኖረ፣ ሰሚው የማን እንደሆነ የሚያውቀው ድምፅ ነው።

ሥርዓቱ ለምን በማዘጋጃ ቤት እጅ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1959 መስከረም ወር የኢሴ ባሕረ ሰላጤን የመታው አውሎ ነፋስ ከ5,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ጃፓን የአደጋ መከላከያ መሠረታዊ ሕግን አወጣች። በዚህ ሕግ መሠረት ነዋሪውን ከቤቱ ውጣ ብሎ የማዘዝ ሥልጣኑም ኃላፊነቱም የከተማው ወይም የመንደሩ ከንቲባ ነው። የሜትዮሮሎጂ ኤጀንሲው ስለ ዝናቡና ስለ ማዕበሉ ይተነብያል፤ የትኛው ሰፈር በየትኛው ሰዓት ይውጣ የሚለውን ግን የሚወስነው ወንዙንና ዳገቱን የሚያውቀው የአካባቢ አስተዳደር ነው። ድምፅ ማጉያው እንግዲህ የዚያ ውሳኔ መውጫ በር ነው። ከ2007 ጀምሮ "ጄ አለርት" የተባለ በሳተላይት የሚሠራ አገር አቀፍ ሥርዓት ተጨምሮበታል፤ ደቂቃ የማይሰጥ አደጋ ሲመጣ ከቶኪዮ በቀጥታ የየከተማውን ምሰሶ ያስጮኻል።

ትልቁ ፈተና የመጣው መጋቢት 11 ቀን 2011 ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ላይ ምድር ተናወጠች፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ወጣ። በሚያጊ ክፍለ ሀገር በምትገኘው ሚናሚሳንሪኩ ከተማ፣ ሚኪ ኤንዶ የተባለች የ24 ዓመት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ባለሦስት ፎቁ የአደጋ መከላከያ ሕንፃ ውስጥ ማይክሮፎን ይዛ ነዋሪው ወደ ከፍታ ቦታ እንዲሸሽ ደጋግማ ጠራች። ሕንፃው 12 ሜትር ያህል ቁመት ነበረው፤ ማዕበሉ ከጣሪያው በላይ ሄደ። በዚያ ሕንፃ 43 ሰዎች ሞቱ፤ እሷም አንዷ ነበረች። ሥጋው የተገፈፈ የሚመስለው ቀይ የብረት አጽሙ ዛሬም ቆሟል። ያን ድምፅ ሰምተው ኮረብታ በመውጣታቸው እንደተረፉ የመሰከሩ ብዙዎች ናቸው። በዚያው ዓመት መንግሥት በአደጋው ቀጣና ነዋሪዎች ላይ ባደረገው ጥናትም፣ ማስጠንቀቂያውን ሰማን ካሉት መካከል ግማሽ ያህሉ የሰሙት ከዚሁ የመንደር ድምፅ ማጉያ ነበር። መብራት በጠፋበት ሰዓት ቴሌቪዥን ጥቂቱን ብቻ ነው የደረሰው።

ይሁን እንጂ ይኸው ቀን የመታመንን አደጋም አሳይቷል፤ ክርክሬ ሐቀኛ እንዲሆን ይህን መሸሽ አይገባኝም። የመጀመሪያው ትንበያ ለሚያጊ 6 ሜትር፣ ለኢዋቴና ለፉኩሺማ 3 ሜትር ነበር። በኢዋቴ የምትገኘው ታሮ 10 ሜትር ከፍታ ያለው የባሕር ግንብ ነበራት። "3 ሜትር" የሚል ቁጥር በሚያምኑት ድምፅ ሲነገር፣ 10 ሜትር ግንብ ጥላ ሥር ያለ ሰው ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። ትንበያው ከፍ የተደረገው ምድር ከተናወጠች ከ28 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መብራት ጠፍቶ፣ መገናኛ ተቋርጦ ስለነበር አዲሱ ቁጥር ለብዙዎች አልደረሰም። ኤጀንሲው ከዚህ ተምሮ በመጋቢት 2013 አሠራሩን ለወጠ፦ በጣም ኃይለኛ ርዕደ መሬት ሲከሰትና መጠኑ ገና በትክክል ሳይታወቅ፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሜትር መጥራቱን ትቶ ማዕበሉን በደፈናው "ግዙፍ" ይለዋል። ሰሚው ከግንቡ ጋር የሚያወዳድረው ቁጥር አያገኝም፤ የሚቀረው መሮጥ ብቻ ነው።

በዚያው ቀን በኢባራኪ ክፍለ ሀገር ኦአራይ በምትባል ከተማ የሆነውም ልብ ሊባል ይገባል። ማዘጋጃ ቤቱ እንደ ልማዱ በትሕትና "እባካችሁ ውጡ" ማለቱን ትቶ፣ በአስቸኳይ ወደ ከፍታ ሽሹ የሚል ጥብቅ ትእዛዝ ደጋግሞ አስተላለፈ። ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ማዕበል ቢመጣም በከተማዋ በሱናሚ የሞተ ሰው አልነበረም። ለዚህ ምስጋናው ሁሉ ለቃሉ አነጋገር ይሁን ማለት ግን ይከብዳል፤ ማዕበሉ በሰሜን ካለው እጅግ ያነሰ ነበር። ዋናው ነገር በየቀኑ በጨዋ አንደበት ሲናገር የኖረ ድምፅ ድንገት ሲቆጣ ሰሚው ነገሩ ከባድ መሆኑን ወዲያው መረዳቱ ነው። ቁጣው የሚሰማው ደህናውን አነጋገር የሚያውቅ ጆሮ ሲኖር ነው። ጥር 1 ቀን 2024 የኖቶ ልሳነ ምድር በተናወጠ ጊዜ የአገሪቱ የሕዝብ ቴሌቪዥን አቅራቢ ከወትሮዋ የተለየ ጩኸት አሰምታ "አሁኑኑ ሽሹ" ማለቷ ከዚሁ የ2011 ትምህርት የመጣ ነው።

ማሽኑ የማይካድ ድካም አለበት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የቆመ ሰው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማዋል፤ ተናጋሪዎቹ ቃል በቃል እያቆሙ የሚናገሩት ለዚህ ነው። ዝናብ ሲበረታና የዛሬዎቹ ድርብ መስኮቶች ሲዘጉ ደግሞ የሚደርሰው ጉምጉምታ ብቻ ነው። በሐምሌ 2018 ምዕራብ ጃፓንን ያጥለቀለቀው ዝናብ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ በኩራሺኪ ከተማ ማቢ በተባለው ሰፈር ብቻ 51 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ውኃው የገባበት ስፍራ ከተማው አስቀድሞ አትሞ ካደለው የጎርፍ ካርታ ጋር ተመሳሳይ ነበር። መረጃው ነበረ፤ በዚያ ሌሊት ግን ወደ ብዙ ጆሮ አልገባም። ከዚህ ተነሥቶ ምሰሶው ጊዜው አልፎበታል የሚል ሰው አለ። እኔ የማየው መልስ ግን ድምፁን ወደ ቤት ማስገባት ነው፤ ለዚህም የቤት መቀበያ የሚባል ትንሽ ሬዲዮ አለ፤ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ እንኳ ለአስቸኳይ ጥሪ ራሱን ከፍ ያደርጋል፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ከአንድ ምሰሶ ይልቅ ለብዙ ቤት መቀበያ መግዛት ውድ ነው፤ ቢሆንም ለአረጋውያን በነፃ የሚያውሱ ማዘጋጃ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ገንዘቡን በትክክለኛው ቦታ ያዋሉትም እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ስልክ ይበቃል የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይበልጥ ይደመጣል። ስልክ ይጠቅማል፤ በጃፓን ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል የአስቸኳይ ጊዜ መልእክት በእጁ ይደርሰዋል። ግን በ2011 የስልክ ማማዎችም መብራት አጥተው ሥራ አቁመዋል፤ በሌሊት ስልኩን አጥፍቶ የሚተኛው፣ ወይም ከነጭራሹ የሌለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለማምለጥ እርዳታ የሚሻው አዛውንት ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ጉዳይ አለ። የስልክ መልእክት ለእኔ ብቻ ይመጣል፤ ሰማሁ አልሰማሁ ጎረቤቴ አያውቅም። የምሰሶው ድምፅ ግን መንደሩ ባንድ ላይ የሚሰማው ነው፤ ጎረቤቴ እንደሰማ አውቃለሁ፣ እሱም እኔ መስማቴን ያውቃል፣ ካልወጣሁ በሬን ያንኳኳል። ስለ ጠፉት እናት የሚነገረው ማስታወቂያ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ባንድ ጊዜ ፈላጊ ይሆናል።

የመንግሥት ድምፅ በየቤቱ መግባቱ የሚያሳስባቸውም አሉ፤ ስጋታቸውም ከባድ ነው። ጃፓን በ1940 "ቶናሪጉሚ" የተባሉ የጎረቤት ማኅበራትን ለጦርነቱ ዓላማ አዋቅራ ነበር፤ እህል የሚታደለው፣ ቅስቀሳው የሚወርደው፣ ጎረቤትም ጎረቤቱን የሚጠብቀው በእነሱ በኩል ነበር። የፈረሱት በ1947 ነው። በኢትዮጵያም የቀበሌን ሞንታርቦ ከግዴታ ስብሰባ ጋር አያይዞ የሚያስታውስ ትውልድ አለ። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለበት ሰው ምሰሶውን በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። ልዩነቱ ያለው ማይክሮፎኑን የያዘው ለማን ተጠያቂ ነው በሚለው ላይ ነው። የዛሬው ከንቲባ በየአራት ዓመቱ በነዋሪው ይመረጣል፤ ዘግይቶ ቢናገር ወይም ያለ በቂ ምክንያት ቢጮኽ ምክር ቤቱ ፊት ይጠየቃል። ድምፁ በበዛባቸው ሰዎች አቤቱታ የማለዳ ዜማቸውን የቀነሱ ከተሞች መኖራቸው ራሱ ሰሚው በተናጋሪው ላይ ሥልጣን እንዳለው ያሳያል።

ደጋግሞ መናገር ያሰለቻል፣ ሰው ጆሮውን ይደፍናል የሚለው ደግሞ ከፊሉ እውነት ነው። ጃፓን በግንቦት 2021 ሕጓን ስታሻሽል "እንድትወጡ እንመክራለን" የሚለውንና "ውጡ" የሚለውን ሁለት ደረጃ ወደ አንድ ትእዛዝ ያጠቃለለችው፣ ሕዝቡ ሁለቱን መለየት ስላቃተውና የመጨረሻውን እየጠበቀ ስለዘገየ ነው። ይህ የሚያስተምረው ስለ አደጋ የሚነገረው ቃል ጥቂትና ግልጽ ይሁን ነው። ስለ ድቡና ስለ ጠፉት እናት መናገር ይቅር ማለት አይደለም። ሰሚን የሚያሰለቸው የማይመለከተው ነገር ነው፤ የጠፉት እናት በስም የሚያውቃቸው የጎረቤቱ እናት ከሆኑ አይሰለችም።

ስለዚህ እኔን የሚያሰጋኝ የምሰሶው ማርጀት አይደለም፤ የተናጋሪው መራቅ ነው። ከ1999 እስከ 2010 በተደረገው ማዋሐድ የጃፓን ከተሞችና መንደሮች ቁጥር ከ3,232 ወደ 1,727 ወርዷል። ብዙ መንደር ማዘጋጃ ቤቱን አጥቶ የሰፊ ከተማ አንድ ጥግ ሆኗል። ምሰሶው በቦታው ቀርቷል፤ ስለ እያንዳንዷ ጅረት የሚያውቀው ሠራተኛ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል። በጀት የሚመድቡ ሰዎች የምሰሶውንና የመቀበያውን ዋጋ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ጋር ባንድ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ የሚገባው በየቀድሞው መንደር ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚቀር አንድ ማይክሮፎንና እሱን የመክፈት ሥልጣን ያለው አንድ የአካባቢው ሰው ነው።