የተከተበ በግ ለምን ይሞታል?

ሰሞኑን አጎቴ ከመንዝ ደውሎ ወረደብኝ። «አስከትቤ አልነበር እንዴ? ሦስት በግ በሳንባ አለቀብኝ። ምኑን ነው የምትወጉብን?»

የእንስሳት ሐኪም የሆነ ዘመድ ያለው ሰው ቁጣውን የሚያወርድበት አያጣም። ጥያቄው ግን ልክ ነው።

አባ ሰንጋን እዩ። ጀርሙ ብዙ ዓመት አፈር ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ ዘሩ እምብዛም አይለወጥም። ማክስ ስተርን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያዘጋጀው የክትባት ዝርያ ዛሬም የእኛን ከብት ይጠብቃል።

የበግ ሳንባ እንዲህ አይገራም። «ፓስተሬላ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራው በሽታ ብዙ ባለቤት አለው። በአገራችን ለበግ የተለመደው ክትባት የሚሠራው ከፓስተሬላ መልቶሲዳ ዓይነት ኤ ነው። ከታመሙ በጎች ሳንባ ላይ በብዛት የተገኘው ግን ዘመዱ ማንሃይሚያ ሂሞሊቲካ ነው። እሱም እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ፓስተሬላ ይባል ስለነበር የስሙ መደበላለቅ የሚገርም አይደለም።

ማንሃይሚያ ራሱ በላዩ በሚደርበው ሽፋን 12 ዓይነት ሆኖ ይከፈላል፤ ለአንዱ የተሠራ ክትባት ሌላውን ላይመክት ይችላል። በበግ ላይ የሚበዛው ኤ2 ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሽፋኑ የተሠራበት ስኳር በጉ በገዛ ሴሎቹ ላይ ያለው ዓይነት ስለሆነ ሰውነቱ እንደ ባዳ አያየውም። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ማለት ይኼ ነው፤ ያውም በበጉ አፍንጫ ውስጥ! ጤነኛ በግ ጉሮሮ ላይ ዝም ብሎ ይኖራል፤ ውርጭ፣ የገበያ መንገድ ወይም ረሃብ በጉን ሲያደክመው ወደ ሳንባ ይወርዳል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነጭ የደም ሴልን የሚገድለው መርዙ ነው። የመርዙን ዘረመል ሲያነቡት እንደ ድሪቶ የተጣጣፈ ሆኖ ተገኝቷል፤ በከብትና በበግ ላይ የሚኖሩት የጀርሙ ዝርያዎች ቁራጭ ተለዋውጠዋል። አጎቴ ቤት ላሟም በጎቹም የሚያድሩት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው።

ስለዚህ የትኛው ዓይነት እንደገደለ ለማወቅ ከሞተው በግ ሳንባ ላይ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ናሙና መወሰድ አለበት። ይህን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ ሳንባውን የት እንዳደረገው ጠየቅሁት።

«ሳንባውንማ» አለኝ፣ «ያን ዕለት ውሻ በላው።»