ዕቃንና ልብስን መርጦ ስለ መግዛት

ዋጋ ማለት ሻጩ በአፉ የሚጠራው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የአንድ ዕቃ ዋጋ በእውነት የሚታወቀው ዕቃው ለስንት ጊዜ እንዳገለገለ ከታየ በኋላ ነው። ይህንም ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል።

ሁለት ባልንጀሮች በአንድ ቀን ወደ ገበያ ወርደው ጫማ ገዙ። አንደኛው 600 ብር፥ ሁለተኛው 1,500 ብር ከፈለ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ርካሹን የገዛው ሰው ባልንጀራውን «ገንዘብህን በከንቱ ጣልኸው» እያለ ሳቀበት። ነገር ግን የ600 ብሩ ጫማ ሶሉ በሙጫ ብቻ የተያያዘ ነበርና ክረምት ሲገባ ውሃ ነክቶት በ6ኛው ወር ተገነጠለ። የ1,500 ብሩ ጫማ ግን ሶሉ በወፍራም ክር የተሰፋ ስለ ነበረ 30 ወር ቆየ። ገንዘቡ በወራቱ ሲካፈል እንግዲህ ያ ርካሽ የተባለው ጫማ በየወሩ 100 ብር፥ ውድ የተባለው ግን በየወሩ 50 ብር ፈጀ። በ30 ወር ውስጥ ያ የሳቀው ሰው 5 ጊዜ ጫማ ገዝቶ 3,000 ብር አወጣ።

ድኻ ሰው ይህን ሒሳብ ስቶት አይደለም ርካሹን የሚገዛው። እጅግ አድርጎ ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን 1,500 ብር በአንድ ጊዜ ከእጁ አይገኝም። ስለዚህ ጥቂት ያለው ሰው ብዙ ካለው ሰው ይልቅ ብዙ ይከፍላል፤ ይህም የሚያሳዝን ነገር ነው። ለዚህ ችግር የኢትዮጵያ ሰዎች ያላቸው መልካም መላ ዕቁብ ነው። 15 ሰዎች ተስማምተው እያንዳንዳቸው በየሳምንቱ 100 ብር ቢያዋጡ፥ በየሳምንቱ 1,500 ብር ይሰበሰባል፤ ዕጣ የወጣለትም ሁሉንም በአንድነት ይቀበላል። በ15 ሳምንት ውስጥ ተራው ለሁሉም ይደርሳል። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ቢሆንም በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይበተን የነበረውን ገንዘብ ሰብስቦ ሙሉ ጫማ፥ ሙሉ ጋቢ ወይም ደኅና ድስት እንዲሆን ያደርገዋል።

የልጅ ጫማ ግን በዚህ ሒሳብ አይገዛም። የልጅ እግር ያድጋልና 30 ወር የሚቆየው ጫማ ሳያልቅ ይጠብበዋል። ስለዚህ ለልጅ መካከለኛው ዋጋ ይበቃል፤ ከአውራ ጣቱም ፊት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ መተው ያስፈልጋል። ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት ያለው እንደ ሆነ ግን ሒሳቡ እንደ ገና ይለወጣል፤ አንድ ብርቱ ጫማ ሁለት ልጆችን ያሳድጋልና። ደግሞም እግር ሲውል ጥቂት ያብጣልና ጫማን ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል።

ከቤት ገንዘብ አስቀድሞ ወጭ ሊሆንለት የሚገባው ነገርም ጫማ ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በብዙ ቦታ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር አለ። በዚህ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው፥ ከአፈሩ ደቃቅ የሆኑ ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ከብዙ ጊዜም በኋላ በአንዳንዱ ሰው እግሩ እያበጠ ይሄዳል። ይህ ከዝሆኔ በሽታ አንዱ ዓይነት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሆኖም ብዙዎች ባለማወቅ በሽተኛውን ይሸሹታል፤ ከልቅሶና ከሠርግም ያርቁታል። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ይህን በሽታ ይከለክላል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ በብርታቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ክፍት ስለ ሆነ ጭቃና ትቢያ ያስገባል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው አገር ለእርሻ የሚወጣ ሰው ሽፍን ጫማ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ጨርቅ የሚገዛ ሰው ዓይኑን ብቻ አይመን። አንዳንድ አቡጀዲ ስታርች በሚባል የዱቄት ሙጫ ተሞልቶ ወፍራም መስሎ ይታያል፤ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ግን እንደ ወንፊት ይሆናል። ጨርቁን በሁለት እጅ ይዞ አጥብቆ ቢያሹት፥ ሙጫው የበዛበት እንደ ሆነ ነጭ ትቢያ ይረግፋል። ቀጥሎም ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው፤ ድሩና ማጉ የተጠጋጋ ጨርቅ ብርሃን አያሳልፍም። ካኪ ለሥራና ለትምህርት ቤት የተወደደው አፈተላው ብርቱ፥ አሠራሩም በሰያፍ መስመር የተጠጋጋ ስለ ሆነ ነው። ቀለም ያለውን ጥለት ለመፈተን ደግሞ ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሶ ጥለቱን ማሸት ይበቃል፤ ነጩ ጨርቅ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፥ ያ ጥለት በታጠበ ቀን ቀሚሱን ሁሉ ያበላሸዋል።

በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎች የሚሠሩት ጋቢ አራት ድርብ፥ ነጠላ ግን ሁለት ድርብ ነው። ጋቢ የሚያሞቀው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ በድርቡ መካከል የተያዘው አየር የሰውነትን ሙቀት ስለሚጠብቅ ነው። በሌሊት ጋቢ፥ በቀን መጐናጸፊያ ስለሚሆን ሁለት ሥራ በአንድ ዋጋ ይሠራል።

ፖሊስተር የሚባለው ጨርቅ ከጥጥ የተለየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዊንፊልድና ዲክሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች የፈለሰፉት ሲሆን፥ ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ ነገር ይሠራል። ፈጥኖ ይደርቃል፤ አይጨማደድም፤ ብዙ ጊዜም ይቆያል፤ ስለዚህ ለክረምት ካፖርት መልካም ነው። ነገር ግን ላብ አይመጥም፤ ከሁሉም የሚከፋው፥ እሳት ሲነካው ቀልጦ ከቆዳ ላይ ይጣበቃል። በምድጃ አጠገብ የምትውል ሴት፥ በማዕድ ቤትም የምትረዳ ልጅ የጥጥ ልብስ ቢለብሱ ይሻላቸዋል። ነጋዴው «ጥጥ ነው» ብሎ ቢምል፥ ትልቅ ሰው ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር መዝዞ በእሳት ይፈትነው፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ተኰማትሮ እንደ ዶቃ ይጠነክራል።

ሰልባጅም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ክርኑን፥ ጕልበቱን፥ መቀመጫውንና የአንገትጌውን እጥፋት ወደ ብርሃን አድርጎ ያልሳሳውን የመረጠ ሰው ከአዲስ የሚበልጥ ልብስ ያገኛል።

የሸክላ ዕቃ በጆሮ ይመረጣል። አንዲት ልጅ ከአያቷ ጋር ሸክላ ተራ ሄዳ፥ ከተደረደሩት ሁሉ ቅላቱ ያማረ ምጣድ አይታ «እማማ፥ ይህን እንግዛ» አለች። አያቷም «ቆይ ልጄ፤ ዓይንሽ ወደደው፤ ጆሮሽ ግን ገና አልሰማውም» ብላ በጣቷ ቋንጃ አንኳኳችው። ምጣዱ የታፈነ ድምፅ ሰጠ። ሻጪቱም «እመቤቴ፥ ምንም የለበትም» አለች፤ አሮጊቷ ግን ገልብጣ በስተጀርባው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አሳየቻት። ከአጠገቡ የነበረው ጥቂት ወልገድ ያለ ምጣድ ሲመታ ጥርት አድርጎ ጮኸ፤ እርሱንም ገዝተው ሄዱ። ጀበና ሲገዛ ደግሞ ውሃ ሞልቶ ጥቂት አቆይቶ፥ ከታች ጠብታ መውረድ አለመውረዱን መመልከት ይገባል።

ከልዩ ልዩ ብረት ቁርጥራጭ ቀልጦ በሚሠራ ድስት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ስለ ካሜሩን አገር የታተመ ምርመራ፥ ከእንዲህ ያለ ድስት እርሳስ ወደ ምግብ ሊገባ እንደሚችል አሳይቷል፤ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። ኮምጣጣ ወጥ በእርሱ ውስጥ ማሳደር አይገባም።

አሮጊቷም ከቤት ስትደርስ ምጣዱን በዚያው ቀን ለእንጀራ አላዋለችውም። በቀስታ አሙቃ፥ የተፈጨ ጎመን ዘር በማሰሻ እየቀባች ደጋግማ አሟሸችው። ልጅቱም ምጣዱ ከቀይ ወደ ጥቁር ሲለወጥ፥ ፊቱም እንደ መስታወት ሲለሰልስ ተቀምጣ ተመለከተች። በማግሥቱ ሊጡ ፈሰሰ፤ አክንባሎው ተከደነ፤ ዓይኑ የበዛ እንጀራ ሳይጣበቅ በሰፌድ ወጣ።