ተጽፎ የሚጠፋ፣ ጠፍቶ የሚጻፍ ዲስክ

ኤንኤችኬ የተባለው የጃፓን ብሔራዊ ጣቢያ በየዓመቱ ዲሴምበር 31 ምሽት፣ ሴት ድምፃውያን በቀይ፣ ወንዶቹ በነጭ ቡድን ተሰልፈው የሚፎካከሩበትን «ኮሃኩ ኡታ ጋሰን» የተባለ የዘፈን ዝግጅት ያስተላልፋል። ዝግጅቱ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህን ምሽት ቤቱ ቀድቶ ማስቀረት የፈለገ ጃፓናዊ አስቀድሞ መቁረጥ የነበረበት ነገር ነበር፤ ጥራት ይሻላል ወይስ ርዝመት? አንድ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል። ኤክስፒ በተባለው ከፍተኛ ጥራት ሲቀዳ 1 ሰዓት፣ በኤስፒ 2 ሰዓት፣ በኤልፒ 4 ሰዓት፣ በኢፒ ደግሞ 6 ሰዓት ይሄዳል። ሁሉንም አንድ ዲስክ ላይ ላጠቃልል ያለ ሰው ኢፒን ይመርጣል፤ ያን ጊዜ ካሜራው ፈጠን ባለ ቁጥር የዘፋኙ ፊት ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ሲሸራረፍ ማየት ግድ ነው። ጥራት ይበልጥብኛል ያለ ደግሞ ሁለት ሦስት ዲስክ ደርድሮ፣ መሃል ላይ ለመቀየር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

መሣሪያው ዲቪዲ ሪከርደር ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ማጫወቻውን ነው፤ ሪከርደሩ ግን ከቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ ይቀዳል፣ የቀዳውን ያጠፋል፣ በዚያው ዲስክ ላይ መልሶ ይቀዳል። የመጀመሪያውን ለገበያ ያቀረበው የጃፓኑ ፓዮኒር ሲሆን ጊዜውም ዲሴምበር 1999 ነበር። በማግሥቱ ዓመት ፓናሶኒክ፣ በ2001 ደግሞ የሆላንዱ ፊሊፕስ ተከተሉ። ሦስቱ ግን በአንድ ዓይነት ዲስክ አልተስማሙም። ፓዮኒር ዲቪዲ አርደብሊውን፣ ፓናሶኒክ ዲቪዲ ራምን፣ ፊሊፕስ ዲቪዲ ፕላስ አርደብሊውን ያዙ። ገዢው መደርደሪያ ፊት ቆሞ ስማቸው የሚመሳሰል፣ ጠባያቸው የሚለያይ ዲስኮችን ሲያገላብጥ ይውል ነበር። ሁሉንም የሚቀበሉ ሪከርደሮች የመጡት ዘግይቶ ነው።

እኔን ከምንም በላይ የሚያስደንቀኝ ዲስኩ ራሱ ነው። ሁለት ስስ የፕላስቲክ ገበታዎች ተጣብቀው 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሰጡታል፤ በመካከላቸው በዓይን የማይለይ የብረት ቅልቅል ተለብጧል። በዲቪዲ ራም ቅልቅሉ ከጀርማኒየም፣ ከአንቲሞኒና ከቴሉሪየም ነው የሚሠራው። ይህ ቅልቅል ሁለት መልክ አለው። አተሞቹ በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃንን በደንብ ያንጸባርቃል፤ ሲዘበራረቁ ይደበዝዛል። ሪከርደሩ ለመጻፍ ሌዘሩን ለቅጽበት ያበረታና አንዷን ነጥብ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያግላታል። ነጥቧ ትቀልጣለች፤ ሌዘሩ ወዲያው ሲለቃት አተሞቹ ለመደርደር ፋታ ሳያገኙ እንደተዘበራረቁ ይደርቃሉ። ለማጥፋት ደግሞ ሙቀቱ ከመቅለጫው በታች፣ ከ200 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይያዛል፤ አተሞቹ ጊዜ አግኝተው ወደ ሰልፋቸው ይመለሳሉ። ለማንበብ ግን ሌዘሩ ምንም ሳይነካ በደካማ ብርሃን ብቻ ያልፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ጠመዝማዛ መስመር ላይ ሲሆን፣ በመስመሩና በጎረቤቱ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ያንሳል።

የዚህን ጠባይ ምሥጢር በ1968 በአንድ የፊዚክስ መጽሔት ያስነበበው አሜሪካዊው ስታንፎርድ ኦቭሺንስኪ ነው። አክረን፣ ኦሃዮ የተወለደ፣ ሥራ የጀመረው በቶርኖ ሙያ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያልተማረ ሰው ነበር። ሊቃውንቱ የተስተካከለ ክሪስታል ላይ ብቻ ተጠምደው ሳለ እሱ የተዘበራረቀውን ቁስ መመርመሩ ሊደነቅለት ይገባል።

የብራና ጸሐፊ የተሳሳተውን ፊደል በምላጭ ሲፍቅ ቦታው እየሳሳ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ዲስኩም መቅለጥና መድረቁ ሲደጋገምበት ይደክማል። ለአርደብሊው የሚሰጠው ግምት 1,000 ጊዜ ያህል ነው፤ ለራም 100,000። የአርደብሊው ሌላ ችግር የሚያንጸባርቀው ብርሃን በፋብሪካ ከታተመ ዲቪዲ በጣም ያነሰ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎች ዲስኩን ባለ ሁለት ንብርብር እየመሰላቸው አላነብም ይላሉ፤ ባለቤቱ ግን ዲስኩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ራም በመልኩም ይታወቃል። ገልብጣችሁ ብርሃን ላይ ብታዘነብሉት፣ ሌሎቹ ላይ የማይታዩ ደቃቅ ነቁጦች ፊቱ ላይ ተበትነው ታያላችሁ፤ ዲስኩ በፋብሪካ ሲሠራ የተከፋፈለባቸው ቦታዎች ምልክት ናቸው። ሌዘሩ በእነዚህ ምልክቶች እየተመራ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስለሚዘል፣ መቅዳቱን ሳያቋርጥ የተቀዳውን ማሳየት ይችላል። ድራማው ከተጀመረ ከ20 ደቂቃ በኋላ ቤቱ የደረሰ ሰው ከመጀመሪያው ማየት ይጀምራል፤ መጨረሻው ገና እየተቀዳ ነው። የቪዲዮ ካሴት ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር።

ሰዓት መሙላቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የጃፓን ጋዜጦች ከየፕሮግራሙ ጎን አጭር ቁጥር ያትሙ ነበር፤ ተመልካቹ ያንን በሪሞት ሲያስገባ ጣቢያውም ቀኑም ሰዓቱም ይሞላል። ነገር ግን የምሽቱ የቤዝቦል ጨዋታ ከተራዘመ ከኋላው ያለው ድራማ ይገፋል። መሣሪያው ደግሞ በታዘዘበት ሰዓት ጀምሮ በታዘዘበት ሰዓት ያቆማል። በማግሥቱ ዲስኩን የከፈተ ሰው ግማሽ ሰዓት ቤዝቦል አይቶ፣ ድራማው ልብ ሰቃዩ ቦታ ሲደርስ ይቆረጥበታል። የዲጂታል ስርጭት የፕሮግራም ሰሌዳ ሲመጣ ነው መሣሪያው የሰዓት ለውጥን ራሱ መከታተል የቻለው።

ከቴሌቪዥን የመቅዳትን ሕግ በተመለከተ መሠረቱ የተጣለው በካሴት ዘመን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 1984 በካሴት መቅጃ አምራቹ ሶኒና በፊልም ኩባንያው ዩኒቨርሳል ክርክር፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ በነጻ የተላለፈን ፕሮግራም በኋላ ለማየት ቤት ውስጥ መቅዳት ጥፋት አይደለም ብሎ ወሰነ። የልጆች ፕሮግራም አዘጋጁ ፍሬድ ሮጀርስም ቤተሰብ በሚመቸው ሰዓት አብሮ ቢያይ ደስታው እንደሆነ መስክሮ ነበር። ጃፓን ግን በዲጂታል ስርጭት ላይ ጠበቅ አለች። ከ2004 ጀምሮ አንድ ፕሮግራም የሚቀዳው አንዴ ብቻ ሆነ፤ ወደ ዲስክ ሲዛወር ሪከርደሩ ውስጥ ካለው ሃርድ ዲስክ ላይ ይሰረዝ ነበር። ቅሬታው በርትቶ በጁላይ 2008 ገደቡ ወደ 10 ከፍ አለ። ሃርድ ዲስኩ ላይ የቀረው ፕሮግራም ግን የሚከፈተው በዚያው በቀዳው መሣሪያ ብቻ ነው። መሣሪያው ከተቃጠለ የዓመታት ቅጂ አብሮት ይቀበራል።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ተፍቆ የሚጻፍ ዲስክ የተሠራው አይቶ ለማጥፋት ነው፤ ሰዎች ግን ማከማቻ አደረጉት። ደጋግሞ የሚጻፍበት ነገር አደጋው ምን እንደሆነ ራሱ ኤንኤችኬ ይመሰክራል። ጣቢያው ድሮ የስቱዲዮ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር በአሮጌው ፕሮግራም ላይ አዲሱን እየቀዳ ብዙ ሥራዎቹን አጥቷል። ዛሬ ተመልካቾች ቤታቸው የቀዱትን እንዲሰጡት እየጠየቀ የጠፋውን ይሰበስባል፤ ያገኘውም ብዙ ነው።

ዲስኩ ራሱ ወደ መጨረሻው እየሄደ ነው። ሶኒ በኤፕሪል 2003 የዲቪዲ ተከታይ በሆነው በብሉ ሬይ ዲስክ የሚቀዳውን የመጀመሪያ ሪከርደር በ450,000 የን ሲያወጣ ዘመኑ ገና የሚረዝም ይመስል ነበር። ፓናሶኒክ የብሉ ሬይ መቅጃ ዲስክ ማምረት በ2023 አቆመ፤ ሶኒም በፌብሩዋሪ 2025 ተከተለው።

ስለዚህ ቤታችሁ፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ፣ ከቴሌቪዥን የተቀዳም ሆነ የሰርግ ወይም የክርስትና ቪዲዮ የተገለበጠበት ዲስክ ካለ ዛሬ አውጡት። «አርደብሊው» ወይም «ራም» የሚል ከተጻፈበት አንድ የስሕተት ቁልፍ ሊያጠፋው እንደሚችል እወቁ። ሌላ ማጫወቻ ላይ አልከፍት ካለ አትጣሉት፤ ሲቀዳ በመጨረሻ መዘጋት ሲገባው ሳይዘጋ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ በቀዳው ሪከርደር ላይ ሊከፈትና ሊዘጋ ይችላል። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት፤ አንድ ቅጂ ሌላ ቤት ላለ ዘመድ ስጡ። ዲስኩን የሚያነብ ድራይቭ ከገበያ ከመጥፋቱ በፊት አድርጉት።