ተጨማሪ መረጃ፦ የቦሌ ሚካኤል አዲስ ተማሪዎች
በአዲስ አበባ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ጦርነት ሸሽተው ከሶማሊያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ልጆቻቸው በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያውያን እኩል እንዲስተናገዱ ይደነግጋል።

ክፍል ከገቡ በኋላም ብዙ የሚለመድ ነገር አለ። ሶማልኛ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ጽሕፈቱ በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ልጁ ከ«ሀ ሁ» ተነስቶ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቅርጻቸው ይማራል። እናቱም ቅጽ ስትሞላ ሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. የተወለደውን ልጇን «ሰኔ 2010 ዓ.ም.» ብላ ታስመዘግባለች።

አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ ደብተሩን አስጠግቶ «ይህቺ እግሯ ወደ ቀኝ ነው» ሲለው ግን እንግዳነቱ ይቀልለታል።

ተወያዩ፦ አዲስ የመጣ የክፍል ጓደኛችሁን በምን ታግዙታላችሁ?