አቧራና ሴንሰር፦ የዲጂታል ካሜራ የውስጥ ጽዳት

በዲጂታል ካሜራ ውስጥ የቀድሞውን ፊልም ቦታ የያዘው አካል ሴንሰር ይባላል። ሴንሰር በሌንሱ በኩል የሚገባውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ፣ ከሲሊከን የተሠራ ስስ ገጽ ሲሆን፣ ሙሉ ፍሬም በሚባሉት ካሜራዎች ላይ ስፋቱ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ጠባብ ገጽ ላይ ፒክስል የሚባሉ ብርሃን ተቀባይ ነጥቦች በሚሊዮን ተደርድረዋል፤ 24 ሚሊዮን ፒክስል ባለው ሴንሰር ላይ የአንዱ ፒክስል ጎን 6 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ማይክሮ ሜትር የሚባለው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በመሆኑም 50 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያላት፣ ዐይን በጭንቅ የሚለያት የአቧራ ቅንጣት ብቻዋን ከ50 በላይ ፒክስሎችን ትሸፍናለች።

አቧራ በፊልም ዘመንም ወደ ካሜራ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ፊልም ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ አዲስ ገጽ እያቀረበ ስለሚጠቀለል፣ በአንዱ ፍሬም ላይ ያረፈች ቅንጣት ከዚያው ፍሬም ጋር ተጠቅልላ ትሄዳለች። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ግን ካሜራው እስካለ ድረስ ያው አንድ ገጽ ስለሆነ፣ የተጣበቀችበት ቅንጣት እስክትነሣ ድረስ በሚቀጥሉት ፎቶግራፎች ሁሉ ላይ በአንድ ስፍራ ጥቁር ነጥብ ታሳርፋለች። የሴንሰር ጽዳት የራሱ ሥርዓትና መሣሪያ ያለው ሥራ ሊሆን የበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

አቧራ የሚገባበት ዋናው በር ሌንስ የሚቀየርበት ቅጽበት ሲሆን፣ የካሜራው አፍ በተከፈተበት በዚያ አጭር ጊዜ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ፣ የጨርቅ ክርና የአበባ ዱቄት ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ምንጭ ካሜራው ራሱ ነው፤ ብርሃን ሴንሰሩ ላይ የሚያርፍበትን የጊዜ ርዝመት የሚወስነው ሹተር የተባለው መጋረጃ ሲከፈትና ሲዘጋ ጥቃቅን ፍቅፋቂና የማለስለሻ ቅባት ሊረጭ ይችላል። ኒኮን በ2012 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ዲ600 የተባለ ካሜራ በምስሎቹ ላይ ነጥብ ማብዛቱ ብዙ ቅሬታ ስላስነሣ፣ ኩባንያው በ2014 እ.ኤ.አ. የዋስትና ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ጨምሮ ካሜራዎቹን በነፃ ለመመርመር፣ ለማጽዳትና የሹተር ክፍሎችን ለመቀየር ተገዷል።

ቅንጣቷ ከገባች በኋላ በቀላሉ የማትወድቀው በሦስት ኃይሎች ስለምትያዝ ነው፤ እነርሱም በሰበቃ የሚፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ፣ እጅግ በተጠጋጉ ሞለኪውሎች መካከል የሚኖረው ቫን ደር ቫልስ የሚባለው መሳሳብ፣ እንዲሁም በቅንጣቷና በገጹ መካከል የሚቋጥረው እርጥበት ናቸው። የቅንጣት ስፋት በ10 እጥፍ ሲያንስ ክብደቷ በ1,000 እጥፍ ሲቀንስ፣ ቫን ደር ቫልሱ ኃይል ግን የሚቀንሰው በ10 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅንጣቷ ባነሰች ቁጥር ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር አጥብቃ ትያዛለች፤ ትልልቁ ብናኝ በሚነፋ አየር ሲራገፍ ጥቃቅኑ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ስለ ጽዳቱ ከመነገሩ በፊት ግን አንድ መሠረታዊ ነገር መታወቅ አለበት። አቧራው የሚያርፈው በሲሊከኑ ላይ ሳይሆን ከፊቱ በተደረበውና ታህታይ ቀይ የሚባለውን የማይታይ ብርሃን በሚያግደው የፊልተር መስታወት ላይ ነው፤ የሚጸዳውም ይኸው መስታወት ነው። በመስታወቱና በፒክስሎቹ መካከል አነስተኛ ርቀት ስላለ፣ በምስሉ ላይ የሚታየው ነጥብ የቅንጣቷ ጥላ ነው። የአንድ ሰው ጥላ በጠራራ ፀሐይ ጎልቶ በደመናማ ቀን እንደሚጠፋ ሁሉ፣ የአቧራውም ጥላ ብርሃኑ በሚመጣበት ምንጭ ስፋት ይወሰናል፤ በካሜራ ውስጥ ይህን ስፋት የሚወስነው አፐርቸር የተባለው የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። የአፐርቸር መጠን ኤፍ በሚባል ቁጥር የሚገለጽ ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል። አቧራው ከፒክስሎቹ በ2 ሚሊ ሜትር ቢርቅና መስታወቱ ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን ለስሌቱ ቅለት ቢታለፍ፣ በኤፍ 2.8 ወደ አንድ ፒክስል የሚሄደው የብርሃን ሾጣጣ በአቧራው ደረጃ ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ በኤፍ 16 ግን ወደ 0.125 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። በዚህ መሠረት 0.05 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቅንጣት በመጀመሪያው ሁኔታ የምትጋርደው የብርሃኑን ከመቶ 0.5 ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሁለተኛው ግን ከመቶ 16 ያህሉን ትጋርዳለች። በሰፊ ቀዳዳ የሰው መልክ የሚያነሣ ባለሙያ ለወራት ያላየውን ነጥብ፣ በጠባብ ቀዳዳ መልክዐ ምድር የሚያነሣው በመጀመሪያው ሰማይ ላይ ማየቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

የካሜራ አምራቾች ለችግሩ ያበጁት የመጀመሪያው የንቅጥቃጤ መፍትሔ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው የኦሊምፐስ ኢ-1 ካሜራ ላይ ታየ፤ በሴንሰሩ ፊት የተተከለ ስስ ማጣሪያ ሰው ሊሰማው ከሚችለው ድምፅ በላይ በሆነ ፍጥነት እየተንቀጠቀጠ አቧራውን ያራግፋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ካነን በ400ዲ ላይ ተመሳሳይ ዘዴ ሲያስገባ፣ ሶኒ አልፋ 100 ደግሞ ሴንሰሩን ራሱን ያንቀጠቅጥ ነበር። ብርሃኑን ወደ ማያው የሚያንጸባርቅ መስታወት ስለሌላቸው መስታወት አልባ የሚባሉት አዳዲስ ካሜራዎች ሴንሰራቸው ከሌንሱ በስተኋላ ተጋልጦ የሚገኝ በመሆኑ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ካነን ኢኦኤስ አር ካሜራው ሲጠፋ ሹተሩን በመዝጋት ይከልለዋል። ይሁን እንጂ ንቅጥቃጤ የሚያራግፈው ደረቅና ልል አቧራን ስለሆነ፣ ቅባት፣ የአበባ ዱቄትና የደረቀ ጠብታ ሌላ ጽዳት ይፈልጋሉ።

ጽዳት ከምርመራ ይጀምራል። ካሜራው በኤፍ 16 ወይም በኤፍ 22 ላይ ተደርጎ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ወረቀት ከትኩረት ውጭ ይነሣና፣ ምስሉ ኮምፒውተር ላይ ንፅፅሩ ከፍ ተደርጎ ይመረመራል። ሌንስ ምስሉን ገልብጦ ስለሚጥል፣ በፎቶግራፉ ላይ ከላይ በግራ የታየ ነጥብ ያለው፣ ካሜራውን ከፊት ለሚያይ ሰው፣ ከታች በግራ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ንክኪ ከሌለው ዘዴ ጀምሮ ወደ ንክኪ ባለው በደረጃ ይሄዳል፤ በየደረጃውም ምርመራው ይደገማል፤ ነጥቡ ከጠፋ ሥራው እዚያው ይቆማል። በመጀመሪያ ባትሪው በሚገባ ተሞልቶ ካሜራው ለጽዳት በተዘጋጀው ምርጫ ይከፈታል፤ ኃይል በመካከል ቢቋረጥ ሹተሩ በመጥረጊያው ላይ ተዘግቶ ሊሰበር ይችላልና። የካሜራው አፍ ወደ ታች ተደፍቶ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ወናፍ ጫፉ ሳይነካ አየር ይነፋበታል፤ አብዛኛው አቧራ የሚሄደው በዚህ ነው። ያልሄደው ለዚሁ ሥራ በተሠራ፣ የሚጣበቅ ጫፍ ባለው ዘንግ እየተነካ ይነሣል። በመጨረሻም የቅባትና የጠብታ እድፍ ከሆነ፣ ከሴንሰሩ ቁመት ጋር እኩል ስፋት ያለው፣ ለሙሉ ፍሬም 24 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አቧራ የማይለቅ መጥረጊያ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የማጽጃ ፈሳሽ ተደርጎበት ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ምት ይጠረጋል፤ ተገልብጦም በንጹሑ ጎኑ ይመለሳል፤ ከዚያም ይጣላል። ከማጽጃ ፈሳሾቹ አንዳንዶቹ ሜታኖል ስለሆኑ መርዛማና ተቀጣጣይ ናቸው፤ በቂ አየር ባለበት ስፍራና ከእሳት ርቆ መሥራት ግድ ይላል። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል፤ የታመቀ የጋዝ ቆርቆሮም ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሊተፋ ስለሚችል፣ ሁለቱም ከአቧራው የባሰ እድፍ ይተዋሉ።

ነጥቡን በኮምፒውተር ማጥፋት ለሠርግ ወይም ለማስታወቂያ ፎቶግራፍ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶግራፍ ማስረጃ በሚሆንበት ስፍራ ግን አይበቃም። ሶፍትዌሩ የተጋረደውን እውነት አያወጣም፤ በአካባቢው ባሉት ቀለሞች ገምቶ ይሸፍነዋል እንጂ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በአንጻሩ ወጥ ብርሃን ያለውን ገጽ በዚያው ቴሌስኮፕ አንሥተው የኮከቡን ምስል በዚያ በማካፈል የአቧራውን ጥላ በልክ ያስወግዳሉ፤ ይህም ዘዴ ቢሆን አቧራው በሁለቱ ምስሎች መካከል ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ይሠራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሁለት ቅርብ ፋይዳዎች አሉት። የመጀመሪያው የሜዳ ሥራ ነው፤ የጥምቀት በዓል በበጋው በጥር 11 ሲከበር በጃን ሜዳ በሚሰበሰበው ሕዝብ እግር ሥር አቧራ ይነሣል፤ በዳናክል ደግሞ የጨው ብናኝ እርጥበት ስቦ ሲደርቅ በወናፍ የማይለቅ እድፍ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሁለት ካሜራ ይዞ ሌንስ አለመቀየር፣ ካልሆነም ለነፋስ ጀርባ ሰጥቶ የካሜራውን አፍ ወደ ታች ደፍቶ መቀየር ከማናቸውም ጽዳት ይበልጣል።

ሁለተኛውና የሚከብደው የብራና መጻሕፍት ጉዳይ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም ይነሡ የነበሩት የኢትዮጵያ ብራናዎች ዛሬ በዲጂታል ካሜራ እየተነሡ ነው። የግዕዝ ጽሑፍ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ፣ ዐረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ የሚለይ፣ የዜማው ምልክትም ነጥብን የሚጠቀም በመሆኑ፣ በሴንሰር ላይ የቀረች ቅንጣት በአንድ መጽሐፍ ቅጠሎች ሁሉ ላይ ጸሐፊው ያልጻፈው ነጥብ ልታኖር ትችላለች። ብራናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ምስሉ ብቸኛው ምስክር ይሆናል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቅጠል በፊት የምርመራ ፎቶግራፍ ማንሣትና ውጤቱን ከስብስቡ ጋር አብሮ ማስቀመጥ የባለሙያው ግዴታ ሊሆን ይገባል።