የስንዴ ዋግን በናሙና መቁጠር

እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳን በመሳሰሉ የስንዴ ዝርያዎች ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ዋግ በነፋስ ስለሚዛመት ዘግይቶ ማየት ምርት ያሳጣል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንደሚከተለው እንዲቆጥሩ እንመክራለን።

1. ማሳውን እየተጠማዘዙ ማቋረጥና በ10 ቦታ መቆም፤
2. በየቦታው ሳይመርጡ 10 ተክል መመርመር፤
3. በቅጠላቸው ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት የታየባቸውን መመዝገብ። ከ100 ተክል 20 ቢታመም ሥርጭቱ 20 በመቶ ነው።

የታመመውን ብቻ ፈልጎ መቁጠር ሥርጭቱን ያጋንናል። በሌላ በኩል አንድም የታመመ ተክል ባይገኝ ማሳው ንጹሕ ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ ከመቶ 1 ተክል የታመመበት ማሳ በዚህ ቆጠራ ከ3 ጊዜ 1 ጊዜ ያህል ጤነኛ መስሎ ያልፋል። ስለሆነም ቆጠራውን በየሳምንቱ መድገም፣ ምልክቱ እንደታየም ሳይውል ሳያድር ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል።