የበርበሬ ወጥና ነጭ ወይን ጠጅ

ከጦር ኃይሎች ባቡር ጣቢያ ወርዶ ወደ ድግስ ቤት የሚያቀና እንግዳ ዶሮ ወጥና ወይን ጠጅ አብረው ቢቀርቡለት አይደንቀውም። ጠርሙሱ ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው። ደጋሹ ለክብር ብሎ ደረቁን ቀይ ሲመርጥ ግን ገንዘቡን አውጥቶ የገዛ ወጡን ያበላሻል። ምክንያቱን ላስረዳ።

የበርበሬ ማቃጠል ጣዕም አይደለም። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት፣ በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚቀሰቅሰው ትኩሳትን የሚለየውን የነርቭ ተቀባይ ነው፤ ሥራው በ2021 ጁሊየስን ለኖቤል ሽልማት አብቅቶታል። ተቀባዩ በተለመደው ሁኔታ የሚነቃው በ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ አልኮል ይህን ወሰን ዝቅ ያደርገዋል። እንግዲህ 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ጠጅ በእሳት ላይ እሳት መጨመር ነው። የቀዩ ታኒንም አፍን ያደርቃል።

ስኳር በአንጻሩ ቃጠሎውን ያለዝባል። ባለሙያ እናቶቻችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁት ነበር፤ ለረጅም ሰዓት የተቁላላው ሽንኩርት ጣፋጭነት ባይኖር ያን ሁሉ በርበሬ ማን ይችለው ነበር? ነገር ግን ወጡ ሲጣፍጥ ደረቁ ወይን ጠጅ ይብስ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የምንሻው ለስለስ ያለ ጣፋጭነት፣ ቅቤውን የሚቆርጥ ኮምጣጣነትና አነስተኛ አልኮል ነው።

ለዚህ ከሚስማሙት አንዱ ቪዳል ብላን የተሰኘው ዲቃላ ነጭ ወይን ነው። ዣን ሉዊ ቪዳል በ1930ዎቹ በፈረንሳይ አገር ለኮኛክ አስቦ ያዳቀለው ሲሆን፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ወይን ዘር አለበት። ኮምጣጣነቱን ስለማይለቅ ጣፋጭ ሆኖ ሲጠመቅም አይሰለችም፤ ካናዳውያን የታወቀውን የበረዶ ወይን ጠጃቸውን ይሠሩበታል። በቨርጂኒያም ስለሚመረት በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን በቅርብ ያገኙታል።

እዚህ ላለነው በዝዋይ የሚጠመቀው መካከለኛ ጣፋጭ ነጭ አካሲያ ይቀርበናል። ደረቁ የዝዋይ ቻርዶኔ ለአልጫ ይሻላል። ሁለቱም በደንብ ይቀዝቅዙ፤ ቅዝቃዜ ራሱ ቃጠሎን ያስታግሳልና።

ማሩና የጌሾው ምሬት የተመጣጠኑለት ጠጅ በዚሁ መንገድ ቀድሞ ሄዷል፤ አልኮሉ ሲጠነክር ግን እርሱም ያቃጥላል። በኮልፌ ድግስ ለማይጠጣው እንግዳ የሚቀዳው ብርዝ ማሩን ይዞ አልኮሉን ስለተወ፣ ከበርበሬው ጋር ሲሆን ከሁሉም የተሻለው መጠጥ የደረሰው ለእርሱ ነው።